ገላማን ሳናቋርጥ የተመለስንበት ምክንያት

የገላማን ተራራ ሳናቋርጥ የተመለስነው በእኔ ጥፋት ነው ተብሎ ሠላሳ ዓመት ተወራብኝ። ውሸት ነው፤ መንገድ አልጠፋኝም። ባለፈው ሳምንት እዚህ አዳማ፣ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ፣ ልጆች ስልክ ከበው የአራት ቀን የተራራ ጉዞ ያቅዳሉ። አንዱ "ጋሽ ደገፋን ብንጠይቅስ?" ሲል ሌላው፣ "ተው ባክህ! መምህር ታደለን ጉም ውስጥ ይዘው የጠፉት እሳቸው አይደሉ እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ከኋላው ተቀምጬ ነበር።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ትውልዴ ከሁሩታ በላይ፣ ከዚያው ተራራ ሥር ነው፤ አዳማ ጋራዥ ውስጥ ጎማ እለጥፍ ነበር። ማንበብ አልችልም። ጎረቤቴ ታደለ አዲስ አስተማሪ ነው። ተራራውን ማየት ሲያምረው ጉዞውን እኔ በቃል አወጣሁለት፣ እሱ ጻፈ። ጭኮና በሶ፣ ለየራሳችን ሁለት ብርድ ልብስ፤ መስከረም ጭቃ ስለሆነ ጥቅምት። ከሁሩታ የምንነሳው ግን በገበያው ማግስት ነው አልኩት። ከገበያ ወደ ደጋ የሚመለሱት ሰዎች ዕቃችንን በፈረሶቻቸው ይጭኑልናል፤ ጉም ሲወርድም ከኋላቸው መሄድ ነው። በሌላ ቀን እዚያ ላይ ነፋስና የአስታ ቁጥቋጦ እንጂ ሰው የለም።

ጉዞው ሲቃረብ ታደለ ቀኑን በሦስት ቀን ገፋው።

"ስብሰባ አለብኝ። ተራራው የትም አይሄድ!"

"ተራራውማ አይሄድም፤ ሰዎቹ ግን ይሄዳሉ።"

"አንተ ደግሞ! አገር ለማየት ገበያ ይጠበቃል እንዴ? ጽፌዋለሁ፣ አበቃ።"

ጽፌዋለሁ ሲለኝ ዝም አልኩ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው የተጻፈ ሁሉ ትክክል ይመስለዋል። ጥፋቴ ይኼ ነው፤ ሌላ የለብኝም።

በመጀመሪያው ቀን ሸክሙ ትከሻችንን ላጠው። በሁለተኛው ቀን ጉሙ ወረደ፤ የምንከተለው ሰው የለም። ገደሉ የት እንዳለ ስለማውቅ "እንመለስ" አልኩ፤ ተመለስን። አዳማ ስንገባ ታደለ "ደገፋ መንገዱ ጠፋበት" ብሎ አወራ። ዘመድ ሳይቀር ሳቀብኝ፤ ሁሩታ መሄድ ተውኩ።

በአርባ ዓመቴ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ማንበብ ቻልኩ። የተጻፈ ነገርም እንደ ወሬ እንደሚሳሳት የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

እነዚያን ልጆች ከሻይ ቤቱ አስነስቼ በቀጥታ ታደለ ቤት ወሰድኳቸው።

"ንገራቸው" አልኩት።

"ኧረ ደገፋ፣ ይኼ እኮ ያረጀ ነገር ነው።"

"እኔም አርጅቻለሁ። ንገራቸው።"

መነጽሩን አወለቀ። "ቀኑን የገፋሁት እኔ ነኝ። መንገዱ አልጠፋበትም። እሱ ባይመልሰኝ ገደል ገብቼ ነበር።"

አላመሰገንኩትም። ሠላሳ ዓመት ከአገሬ ያራቀኝን ነገር ተናግሮ ለመጨረስ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ለማንኛውም ነገሩ ያለቀው ኅዳር አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ዓርብ ነው።