ጎሹ አንገትና ሌሎች ሕመምተኞች

መክብብን የማታውቁት ካላችሁ፣ ከኤርፖርት ወደ መኪና ማቆሚያው የሚመላለሰውን ሻትል የሚነዳው፣ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ደግሞ ሁሌ የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ በሩ አጠገብ የሚቀመጠው ሰውዬ ነው። ስብከት ሲረዝም ቀድሞ ውልቅ የሚለው እሱ ነው። ሚስቱ መነን የጸሎት ቡድን መሪ ስለሆነች በዚህ ትሳቀቃለች፤ እሱ ግን ከመሳቀቅ ከተገላገለ ቆይቷል። ሎረንስቪል ውስጥ ጥሩ ቤት አላቸው። መኪና የማይገባበት ጋራዥም አላቸው፤ እንደ ማንኛውም ሐበሻ መጣል ያሳዘናቸው ዕቃ ሁሉ እዚያ ተከምሯል።

መክብብን የሕይወትህ ወርቃማ ጊዜ የቱ ነው ብትሉት፣ ያገባሁበት ወይም ቤት የገዛሁበት አይላችሁም። በዲቪ እንደመጣ ስቶን ማውንቴን አንድ አፓርታማ ውስጥ ከጓደኛው ከተገኝ ጋር ሲኖር፣ ቅዳሜ ከሥራ መልስ ትግል የሚጫወቱበት ጊዜ ነው። ትግል ስል አልጋ ላይ መወራወር እንዳይመስላችሁ። ዲኬተር ውስጥ ከአንድ ያርድ ሴል፣ ከግቢ ላይ የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ የገዙት፣ በካርድና በሁለት ዳይስ የሚጫወቱት የድሮ የሬስሊንግ ጨዋታ ነበር። እያንዳንዱ ታጋይ የራሱ ካርድ አለው። ዳይሱ ይጣላል፣ ቁጥሩ ይደመራል፣ ካርዱም “ገመዱ ላይ ተወረወረ” ወይም “ዳኛው ዞሮ ሳለ ዓይኑን ተወጋ” ይላል። መድረኩ፣ የሕዝቡ ጩኸት፣ ደሙ፣ ሌላው ሁሉ ከተጫዋቹ ጭንቅላት ነው የሚመጣው።

ሲገዙት ከካርዶቹ ግማሾቹ አልነበሩም። ስለዚህ ከኮርንፍሌክስ ካርቶን እየቆረጡ የራሳቸውን ታጋዮች ሠሩ። ስማቸውን የሚያገኙት ሰውን በሚመቱበት ቦታ ነው፤ ማሞ ጨጓራ፣ ሻምበል ወገብ፣ ድንቁ ጉበት። የሁሉም አውራ የመክብብ ታጋይ ጎሹ አንገት ነበር። ጎሹ ሊሸነፍ ሲል አንገቱን ይዞ ይወድቃል፤ ዳኛው ሐኪም ሊጠራ ፊቱን ሲያዞር ብድግ ብሎ የሰውን ማጅራት ይለዋል። ተገኝ በዚህ ተናዶ እራት ሳይበላ የተኛበት ቀን አለ። ያናደደው ሰውዬ እኮ ከመዳፍ የማይበልጥ ካርቶን ነው።

በሬስሊንግ ወግ እንዲህ ያለው አጭበርባሪ በእንግሊዝኛ “ሂል” ይባላል፤ ጨዋው ታጋይ ደግሞ “ቤቢፌስ”። ሂሎቹን በአንድ የጫማ ካርቶን፣ ቤቢፌሶቹን በሌላ አድርገው ላዩ ላይ በአማርኛ ፊደል “ሂል”፣ “ቤቢፌስ” ብለው ጻፉበት። የጨዋዎቹ ካርቶን ቤት ሲቀየር ጠፋ። ድሮም ደግ ሰው አይበረክትም።

ከዚያ ተገኝ ጌታን አገኘ። እሰየው ነው፤ ግን እሱ ሲያገኝ መክብብ አጣ። ዳይስ በክርስቶስ ልብስ ላይ ዕጣ የተጣጣሉት ወታደሮች ጨዋታ ነው ብሎ እጁን ሰበሰበ። አገባ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሆነ፣ ክራቫት ለመደ። መክብብ በዚህ አልተቀየመም። የተቀየመው ከዓመታት በኋላ አንድ ሠርግ ላይ አጠገቡ ተቀምጦ ስለዚያ ጨዋታ ሊያወራ ሲጀምር፣ ተገኝ በሰው ፊት “የቱ ጨዋታ?” ስላለው ነው። ኃጢአት ነበር ቢለው በተሻለው። ኃጢአት ቢያንስ የተሠራ ነገር ነው። ያ ሁሉ ሳቅና ያ ሁሉ ንዴት አንድ ምስክር ብቻ ነበረው፤ ምስክሩም ካደ።

ብቻውን ሊጫወት ሞክሮ ነበር። ብቻውን የሚጫወት ሰው ማንን ያጭበረብራል? ተወው። ከዚያ ወዲህ ከተገኝ የሚፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ አስታውሳለሁ እንዲለው። እኔም ሻትል ነጂ ነኝና እረፍታችን በገጠመ ቁጥር ይህንኑ ያወራኛል፤ እኔም በሰማሁ ቁጥር ተወው ባክህ እለዋለሁ። ለሰሚው ግራ ነው።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች እሑድ ከሰዓት የፈውስ ጸሎት ጀመሩ። የፈውስ ጸሎት ቢሉት ማን ከለከላቸው? “ሂል” አሉት። ልጆቻችን እንግሊዝኛ ካልገባበት መንፈስ የሚወርድ አይመስላቸውም። በእንግሊዝኛ አጭበርባሪውና ፈውሱ አጻጻፋቸው ይለያያል ይላሉ፤ በእኛ ፊደል ግን ሂል ሂል ነው። መነን አስተባባሪ ሆነች፤ የሕመምተኛ ስም ያላችሁ አምጡ ተባለ።

በዚያው ሳምንት ጋራዡን ስታጸዳ በባሏ የእጅ ጽሑፍ “ሂል” የተጻፈበት የጫማ ካርቶን አገኘች። ከፈተችው። ከላይ ያለው ማሞ ጨጓራ ነበር፦ “አራት፣ ሆዱን ይዞ ይንበረከካል። ሰባት፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። አሥራ ሁለት፣ አይነሳም።” መነን የምትሠራው ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን መጦሪያ ነው። እዚያ ሕመም የሚለካው ከአሥር ነው፤ አሥራ ሁለት የገባ ሰው ስታይ እንባዋ መጣ። ሻምበልን ወገቡን፣ ድንቁን ጉበቱን እያለች ሁሉንም አነበበች። ይሄ ባሌ ለብ ያለ ነው እያለች ስትጸልይለት፣ ለካ እሱ በጓዳ ለስንቱ በሽተኛ ሲማልድ ኖሯል። አልጠየቀችውም። በስውር የሚጸልይ ሰው አይነካም ብላ ካርቶኑን በነጠላዋ ሸፍና ወሰደችው።

እሑድ መክብብና እኔ እንደ ልማዳችን በሩ ጋ ነበርን። ስም የማንበቡ ተራ የሽማግሌ ተገኝ ነበር። መነን ካርቶኑን ስታቀብለው መክብብ ከሩቅ አወቀው፤ ክንዴን ጨበጠኝ። ምልክቱ እስካሁን አለ ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን አሞኛል።

ተገኝ ማይኩን አስተካክሎ፣ እነዚህን ወገኖች በስም እየጠራን እንጸልይ አለና የመጀመሪያውን ካርድ አወጣ። “ማሞ” ብሎ ቆመ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። “ማሞ ጨጓራ” አለ።

ጉባኤው “ጌታ ሆይ ፈውሰው” አለ። ለሻምበል ወገብም ተጸለየ። ለድንቁ ጉበት ጊዜ አንዲት እናት ብድግ ብለው አለቀሱ፤ እሳቸውም ጉበት የያዘው ወንድም አላቸው። የተገኝ ድምፅ ግን በእያንዳንዱ ስም እየወረደ ሄደ። መክብብ መውጣት ይችል ነበር፤ በሩ አጠገቡ ነው፣ መውጣትም ያውቅበታል። አልወጣም። ጎሹ ሲደርስ ዘሎት ያልፋል፣ አሁንም አላውቅም ይላል አለኝ፤ ድምፁ ሊያለቅስ እንደደረሰ ልጅ ነበር።

ተገኝ ቀጣዩን ካርድ አወጣ። ፊቱ ተለዋወጠ።

“ጎሹ አንገት” አለ። “ወገኖች፣ ለዚህ ሰው አንጸልይም።”

መነን ቀረብ ብላ፣ ምነው ሽማግሌ፣ አንገታቸውን እኮ ነው የታመሙት አለችው በትሕትና።

“አልታመመም። ሲያስመስል ነው” አለ ተገኝ። “እኔ አውቀዋለሁ።”

መክብብ ከኋላ ተነሳ። ጮክ ብሎ አልተናገረም፤ ግን ሁሉም ሰማው። “እራት ሳትበላ በተኛህበት ቀን የእውነት አሞት ነበር” አለ።

“አሞት ነበር?” አለ ተገኝ፣ ማይክ መያዙን ረስቶ። “ቺት አደረግክ እንጂ! ዳይሱ ስድስት መጥቶ ሳለ በጉልበትህ ጠረጴዛውን ነክተህ አምስት አደረግከው። ወጥ ላማስል ስዞር ያላየሁ መስሎሃል? በሚያብለጨልጨው የድስት ክዳን አይቼሃለሁ።”

ይህ ሁሉ በስፒከር ነው የወጣው። ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ የነበረው ፓስተር ዳይስ የሚል ሲሰማ ዓይኑን ገለጠ። ተገኝም ያን ጊዜ ባነነ። ካርዱን አየ፣ ጉባኤውን አየ። ሌላ ጎሹ መስሎኝ ነው ቢል ያልፍለት ነበር፤ ሽማግሌ ነው፣ ማን ይጠይቀዋል። ለካንስ መካድ ደክሞት ኖሯል። “ይቅርታ ወገኖች፣ በሽተኞች አይደሉም” አለ። “ጨዋታ ነው። የእኔና የመክብብ ጨዋታ ነው።”

መክብብ ቁጭ አለ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰ። ከፊት የነበሩ እህቶች መንፈስ የነካው መስሏቸው ከበውት እጃቸውን ጫኑበት፤ አንዷማ በልሳን መናገር ጀመረች። አይደለም ብል ማን ይሰማኛል? መነን በመሀላቸው ሰንጥቃ ገብታ እግሩ ሥር ተንበረከከች፣ የቱ ጋ ነው የሚያምህ እያለች።

“የትም” አላት በእጅጌው አፍንጫውን እየጠረገ። “የትም አያመኝም መነንዬ። አይቶኝ ነበር እኮ። ይህን ሁሉ ዓመት፣ በድስቱ ክዳን አይቶኝ ነበር።”