የእናቴ ስልባቦት

ፀሐይ በበረታበት ቀን ከቦይ የረጋ አረንጓዴ ውሃ ሽታ ሲመጣብኝ፣ ዛሬም ሳላስበው እጄን አሸታለሁ። የኔ እጅ ምን አደረገ! ሽታው የእናቴ ነበር።

እናቴ ደብረ ማርቆስ ዳር፣ የአንድ ትልቅ ግቢ ፍሳሽ የሚጣራባቸው ኩሬዎች ላይ ትሠራ ነበር። በበጋ አረንጓዴ አልጌ በውሃው ላይ እየተጋገረ ብርሃንና አየር ስለሚከለክል፣ ኩሬው እንዳይገማ ቦቲ ተጫምታ፣ ረጅም እጀታ ባለው ወንፊት እየገፈፈች ዳር ላይ ታሰጣው ነበር። ማታ ማታ በሎሚ ታሽታ፣ በእንዶድ ታጥባም ሽታው አይለቃትም ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ «ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው?» ቢሏት፣ አፍራ «ስልባቦት እገፍፋለሁ» አለቻቸው። ለቀልድ ነበር፤ እሳቸው ግን ወተት ቤት መስሏቸው «እሰይ! እንግዲህ ልጄ ስትወልድ ቅቤው ካንቺ ነው» ብለው እርፍ! እናቴም አላረመቻቸውም፤ እኔም ትምህርት ቤት «እናቴ ወተት ቤት ናት» እል ጀመር።

ክረምት ገብቶ፣ እናቴ በኩሬው ዳር የበቀለውን ፊላ በማጭድ ስታጭድ በምትውልበት ሰሞን፣ የእትዬ ጥሩነሽ ልጅ ወለደች። እናቴ አምበር ገበያ ወርዳ ለጋ ቅቤ ገዝታ፣ በቅል አድርጋ «ከሥራ ቤት ነው» ብላ ሰጠቻቸው። መረቋት።

መስከረም ላይ፣ ምሳ ላደርስላት ሄጄ ሳለ፣ እትዬ ጥሩነሽ ጆግ አንጠልጥለው ወተት ሊገዙ ከተፍ አሉ፤ የግቢው ዘበኛ ወደ ኩሬው ጠቁሟቸው ኖሯል። አረንጓዴው ከወንፊቱ ይንጠባጠባል።

«ስልባቦቱ ይኸ ነው?»

«ይኸው ነው፣ እትዬ» አለች እናቴ አንገቷን ደፍታ። እኔን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት!

የዚያኑ ዕለት ቅሉ ከነተረፈው ቅቤ በራችን ላይ ተቀምጦ አገኘነው። «የገበያ እኮ ነው» አለችኝ እናቴ፤ ሄዳ እንዳትነግራቸው፣ አሁን ማን ያምናታል? ወጥ ልትሠራበት ድስት ጥዳ፣ ቅሉን አንስታ አሸተተችና መልሳ ከደነችው። በገንዘቧ የገዛችውን ንጹሕ ቅቤ እሷም ተጸየፈችው፤ ጸጉሬን ቀብታ ጨረሰችው።

ዛሬ እናቴ እኔ ዘንድ ናት። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ መጥተው «እማማ፣ ምን ይሠሩ ነበር?» ሲሏት፣ ዓይን ዓይኔን እያየች «ወተት ቤት ነበርኩ» ትላለች። ያኔ ለራሷ ብላ ነበር የምትዋሸው፤ አሁን ግን ለኔ ብላ ነው፤ እኔም «ኧረ ብሉ እንጂ፣ አልተበላም!» እያልኩ ሳህኑን አዞራለሁ።