የአባቴ ሰዓትና የእንደሻው ሩሲያዎች

ባለቤቴ እንደሻው እንደ ስሙ ነው፤ የሻውን ያደርጋል። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ በግ ያደልባል፤ የኔው ጉድ የሩሲያ የእጅ ሰዓት መሰብሰብ ጀመረ። ፖቤዳ፣ ራኬታ፣ ቮስቶክ! በደርግ ዘመን ሩሲያ ለትምህርት የሄዱ ሰዎች ያመጧቸውን፣ አሰላን ቤት ለቤት እየዞረ፣ ከየመሳቢያው እየለመነ አርባ አደረሳቸው። ጠዋት ጠዋት ቁርስ ሳይቀምስ አንድ በአንድ ይሞላቸዋል። እኔን ደህና አደርሽ ማለቱን ግን ይረሳል።

እኔ ያለኝ አንድ የስዊስ ሰዓት ነው፤ የአባቴ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ቆሟል። ሦስት ሰዓት ሠሪዎች «ዕቃው አይገኝም» ብለው መልሰውልኛል። ሲሄድ ሳላየው እንዳልሞት እሰጋ ነበር።

ዓምና እንደሻው ሮቤ ድረስ እየተመላለሰ፣ ከዲሮ የሚባል ነጋዴ ደጅ ጠንቶ፣ ሁለት ዓመት የተመኛትን ፖልዮት የምትባል የሩሲያ ሰዓት አገኘ። በመሀረብ ጠቅልሎ አመጣት።

«ሩሲያዎቹ ይህችን የሠሩባቸውን ማሽኖች የገዙት ከስዊስ ነው» አለኝ። «የሆድ ዕቃዋ ከአባትሽ ሰዓት ጋር ዝምድና አለው።»

ደስታው አናደደኝ። በማግስቱ የአባቴ ሰዓት ከሣጥኔ ጠፋ። ለዚያች ሙሽራ ፖልዮቱ መለዋወጫ ሊያርደው ነው ብዬ አኮረፍኩ። እሱም ሦስት ቀን ጓዳ ተቀምጦ ሲሞርድ ሰነበተ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የአባቴን ሰዓት መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ይሄዳል! ደስ ብሎኝ አየሁት፤ ወዲያው መልሼ ዘረጋሁለት።

«ገና ሦስት ሰዓት ነው፤ ይሄ ዘጠኝ ይላል። አበላሽተኸዋል!»

ፊቱ ጠቆረ። ተቀብሎ አየው። «ሦስት እኮ ነው የሚለው። እንዴት ነው የምታነቢው?»

«አባባ እንዳስተማሩኝ ነዋ! የትንሹን ቆጣሪ ትይዩ።»

አባቴ ከፈረንጆች ጋር ይሠሩ ስለነበር ሰዓታቸውን በፈረንጅ አቆጣጠር ሞልተው፣ የኛን ከትይዩው ያነቡ ነበር። እንደሻው ደግሞ በሐበሻ አስተካክሎታል። ነገሩ ሲገባው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ቆጣሪውን ስድስት ሰዓት አዙሮ መለሰልኝ።

«ዕቃውን ከየት አመጣኸው?»

ወደ ጓዳው በአገጩ ጠቆመኝ። ጓዳ ገብቼ አየሁ። ፖልዮቷ ሆዷ ተከፍቶ ተኝታለች፤ የጤፍ ፍሬ የምታክል ነገር ጎድላታለች።

«ሁለት ዓመት የተመኘሃትን?»

«እኔ አርባ አሉኝ» አለ። «አንቺ ያለሽ አንድ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሃያውን እሱ፣ ሃያውን እኔ እንሞላለን። ደህና አደርሽ ማለቱን አሁንም ይረሳል፤ እኔም መናደዱን ትቼዋለሁ።