የግራ መስታወት

ሞተር ብስክሌቱን የእንግዳ ማረፊያዬ በር ላይ ካቆመበት ሰዓት ጀምሮ ልቤ አላመነውም። ጃኬቱ የስንት አገር አቧራ እንደጠጣ እንጃ። ከየት መጣህ ስለው፣ «ከመንገድ»፤ ወዴት ስለው፣ «ጎማዬ ወደመራኝ። ነፃ ሰው ነኝ፣ እህቴ።»

ነፃ ሰው እንዲህ ቃሉን ይቆጥባል? ደግሞ የግራ መስታወቱ ተጣሞ፣ መንገዱን ትቶ ባዶውን የኋላ ወንበር ያሳያል። የተሰረቀ ዕቃ ደብቆበት ይሆናል ብዬ ወንበሩን ዳበስኩት። ምንም የለም።

ጠዋት ሊሄድ ሲል፣ «መስታወትህን ላቃናልህ?» አልኩት።

«ተይው!» ብሎ እጄን ያዘኝ። ወዲያው አፍሮ ለቀቀኝ።

ሞተሩን አስነሳ። የኋላውን የእግር መርገጫ ዘረጋና ሰው ከኋላው እስኪቀመጥ እንደሚጠብቅ ትንሽ ቆየ። ከዚያ እኔን ሳይሆን መስታወቱን እያየ፣ «ጥብቅ አድርገሽ ያዢኝ» ብሎ ሄደ።