የአቶ ጃርሶ ጭስ መያዣ

ነገሌ ቦረና፣ ከጦር ካምፑ በታች ባለው የአቶ ጃርሶ ብረት ማቅለጫ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የናይሎን ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ። አቶ ጃርሶ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ "አካም፣ ሙሽራው! ከብረቱ በፊት አንተ ሳትቀልጥ አውልቀው" አሉኝ። ምድጃ ጠባቂ የሆንኩት እንዲህ ነው። ቁርጥራጭ ብረት በከሰል እያቀለጥን የወፍጮ መለዋወጫ እናወጣ ነበር።

ጎረቤታችን ወይዘሮ አስቴር የጡረተኛ ሻምበል ሚስት ናቸው። ልብስ ባሰጡ ቁጥር ጥቀርሻችን ያርፍበታል። መረራቸውና ማዘጋጃ ቤት ከሰሱን። "ወይ ጭሱን አስተካክሉ፣ ወይ ከከተማ ውጡ" ተባልን። የምድጃው ማናፈሻ የሚሠራው በመብራት ነው፤ ከከተማ ውጭ ደግሞ መብራት የለም፤ ሁላችንም ሥራ ልንፈታ ነው።

አቶ ጃርሶ ሰሚራ የምትባል ኢንጂነር ከአዲስ አበባ አስመጡ። የውጭ አገር ብረት ፋብሪካዎች ካርቦን ይይዛሉ ሲባል በሬዲዮ ሰምተው ኖሮ፣ "እኛም እንያዝ" አሏት።

"ጋሼ፣ ጥቀርሻው ሌላ ነው። እነሱ የሚይዙት ጋዙን ነው፤ ጋዙ ደግሞ አይታይም።"

"ካልታየ መያዜን በምን አውቃለሁ?"

"በኖራ ውሃ ውስጥ ሲያልፍ ውሃው ይደፈርሳል። ግን አያዋጣዎትም።"

"አንቺ ብቻ ሥሪው!"

ሠራነው። አንድ በርሜል የኖራ ውሃ፣ ጭሱን የሚገፋ ማራገቢያ፣ የከተማው መብራት ስላልበቃውም ማራገቢያውን የሚያዞር ጄኔሬተር። ውሃው ሲደፈርስ አቶ ጃርሶ አጨበጨቡ። ጭብጨባቸውን ሳይጨርሱ በርሜሉ ክዳኑን ወርውሮ ኖራውን በአጥር ላይ ረጨው።

ወይዘሮ አስቴር የሻምበሉን ጥቁር ሱፍ አንጠልጥለው መጡ። "አቶ ጃርሶ፣ እስከ ዛሬ ነጩን ሲያጠቁሩ ኖሩ። ዛሬ ደግሞ ጥቁሩን አነጡ። ቀይ ልብስም አለኝ፣ ላምጣልዎት?"

ሰሚራ ሳቋን እንደምንም ዋጠችና ለአቶ ጃርሶ የጄኔሬተሩን ጭስ አሳየቻቸው። "ይሄም ያንኑ ጋዝ ያወጣል። ኖራውም ቢሆን ድንጋይ ተቃጥሎ ነው የሚሠራው፤ ሲቃጠል ያንኑ ጋዝ ይለቃል። ከዚያ ደግሞ ከክብረ መንግሥት በመኪና ተጭኖ መጣ።"

"እዚህ የያዝኩትን እዚያ ለቀቅኩት ማለት ነው?"

"ጨምረውበት።"

አቶ ጃርሶ ወደ እኛ ዞሩና፣ "ጄኔሬተሩን አጥፉት" አሉ።

ከዚያ በኋላ ሰሚራ እንዳለችን ሠራን። ዘይት የነካውን ብረት አስቀድመን እናጸዳለን፤ ምድጃ ከመግባቱም በፊት በጭስ መውጫው ሙቀት እናሞቀዋለን። የከሰሉ ፍጆታ ቀነሰ፤ ጥቀርሻውም አብሮ ቀነሰ። ማዘጋጃ ቤቱ ተወን። አቶ ጃርሶ ለሻምበሉ አዲስ ሱፍ አሰፉላቸው። ቀለሙን ወይዘሮ አስቴር መረጡ፦ ግራጫ።

ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ርካሽ ኃይልና የያዙትን ጋዝ የሚያስቀምጡበት ቦታ ካላቸው ይሳካላቸው ይሆናል። እንደኛ ባለ ማቅለጫ ግን ጭስ ከመያዝ በፊት ከሰል መቀነስ ይሻላል።