በወንድሜ አልጋ የተኛው እንስራ

ባለፈው ሳምንት ሮቤ ከተማ ወደ ልጄ ቤት ሄጄ ሳሎን ስገባ፣ ሶፋው ላይ ሰው ተጠቅልሎ የተኛ መሰለኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ማን ነው የታመመው?» አልኳት። ሳቀችብኝ። ለዳቦ ያቦካችው ሊጥ በብርዱ እንቢ ብሏት ባልዲውን በብርድ ልብስ ጠቅልላው ነው። እኔ ግን አልሳቅኩም። የሊጡ ኮምጣጣ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ የልጅነት ቤቴ ትዝ አለኝ። ለእሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

በደርግ ጊዜ ጎባ ነበር የምንኖረው። አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ ቤቱ የእናቴ፣ የታላቅ ወንድሜና የእኔ ነበር። ወንድሜን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውት ወደ ሰሜን ዘመተ። አንድ ጊዜ ብቻ ለጥቂት ቀን ፈቃድ አግኝቶ መጣ። ፊቱ ጠቁሮ ጉንጩ ገብቶ ነበር። እናቴ አይታው ማልቀስ ስትጀምር፣ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብሎ ስለ አንድ መጠጥ ያወራት ጀመር።

«እዚያ አንዲት እናት አሉ፤ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ። እሳቸው ቤት የምጠጣውን ብትቀምሺ ጠላሽን እርግፍ አድርገሽ ትተዪው ነበር» አላት።

እናቴ እንባዋን ጠረገች። በሙያዋ ከመጡባት ቀልድ አታውቅም። «በምንድን ነው የሚጠነስሱት?»

«ገብስ ነው። ማር አለበት። ደግሞ የሆነ የዛፍ ቅርፊት... ስሙ ጠፋኝ። ስትጠጪው ሕፃን ደረትሽ ላይ የተኛ ያህል ይሞቅሻል።»

እሱ ተመልሶ ሄደ፤ እናቴም ቀምሳው የማታውቀውን መጠጥ ልትጠነስስ ተነሳች። ገብሱን አበቀለች፤ ከሃረና ጫካ የሚመጣውን ጥቁር ማር ገዛች። ቅርፊቱን ግን ከየት ታምጣው? የወይራ ሞከረች፣ የጥድ ሞከረች። ኮሶ የጨመረችበት ዕለትማ እኔና እሷ ሽንት ቤቱ ደጃፍ ስንጋፋ ዋልን። ትክክለኛው የቱ እንደሆነ የሚያውቅ ከወንድሜ በቀር ማንም አልነበረም። «ሲመጣ ቀምሶ ይነግረኛል» ትል ነበር።

በዚያ ላይ የጎባ ብርድ ጥንስሱን አላፈላም አለ። አንድ ቀን ጎረቤታችን የነበሩት የኦሮሞ ባልቴት እንስራውን ነካ አድርገው፣ «ይሄ እኮ እንደ ሕፃን ነው፤ ሙቀት ይፈልጋል። አስተኚው» አሏት እየሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። እንስራውን አቅፋ እኔ ወደምተኛበት ክፍል ገባችና የወንድሜ አልጋ ላይ፣ ትራሱን አስደግፋ አስቀመጠችው። ጋቢውንም እስከ አንገቱ ሳበችለት።

ብዙም ሳይቆይ መተንፈስ ጀመረ። ሌላ ቃል የለኝም። አፉ በጨርቅ ስለታሰረ ቀስ ብሎ እፍ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ ከሆዱ ቡልቅ ይላል። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ መተኛት ለመድኩ። እናቴ ገበያ በሄደችበት ቀን ደፍሬ እጄን ከጋቢው ሥር ሰደድኩ። ሰው አሁን ተነስቶ የሄደበት አልጋ ይመስል ይሞቃል። ሮጬ ወጣሁ።

ባልቴቷ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ በኩል እናቴን «አካም ቡልቴ?» ካሏት በኋላ ለጨዋታ «እሱስ አካም ቡሌ?» ይሏት ነበር፤ እንዴት አደረ ማለታቸው ነው። «ሲያጉረመርም አደረ» ትላቸዋለች። መጀመሪያ ሁለቱም ይስቁ ነበር። የወንድሜ ወሬ እየጠፋ ሲሄድ የሚስቁት እሳቸው ብቻ ሆኑ፤ ኋላ እሳቸውም መጠየቁን ተዉት። እናቴ እንስራውን አሟጥጣ አትቀዳውም። ድፍድፉ ላይ እየጨመረች ታድሰዋለች፤ አልጋው አንድም ቀን ባዶ አልዋለም።

ከሳነቴ አምባ የወረደ ጉም ከተማውን በዋጠበት አንድ ከሰዓት፣ የቀበሌው ሰው ለዘመቻ የሚወሰድ ወጣት ሊፈልግ ቤታችን ገባ። ክፍሉ በር ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ሰማ።

«ማን ነው የተኛው?»

«ልጄ ነው። አትቀስቅሰው» አለች እናቴ።

ሰውየው ጋቢውን ገለጠ። እንስራው ቡልቅ አለ። ሊስቅ አፉን ከፍቶ ነበር፤ የእናቴን ፊት ሲያይ ተወው። ጋቢውን በገዛ እጁ መልሶ አለበሰና አማትቦ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ደጃችንን አልረገጠም። እኔም እናቴን የፈራኋት የዚያን ዕለት ነው።

ደርግ በወደቀበት ክረምት ወንድሜ በእግሩ መጣ። እናቴ እልል አለች፣ አለቀሰች፣ እግሩን አጠበችው። ከዚያ ከእንስራው በጣሳ ቀዳችለትና ፊቱ ቆማ ጠበቀች። እስከ ታች ጠጣው። አያት አያትና፣ «ራሱ ነው እማዬ። ምንም አልጎደለው» አላት። ፊቷ እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

አመሻሽ ላይ ደጅ ቁጭ ብለን ሳለ፣ «እኚያ እናትስ እንዴት ናቸው?» አልኩት።

«የሉም። ኖረውም አያውቁም» አለኝ። «እኔ ከምሽግ ሌላ ቤት አላየሁም። እያለቀሰች ስታየኝ ጊዜ፣ እዚያ የሚያስብልኝ ሰው ያለ እንዲመስላት የፈጠርኩት ነው።»

ያን ሁሉ ዘመን አቅፈን ያስተኛነው የትም የሌለ ነገር ነበር።

ሲመሽ እናቴ መሬት ላይ ሰሌን አነጠፈችለት። ወንድሜ አልጋውን ቀና ብሎ አየ። «እሱን አንቀስቅሰው» አለችው በሹክሹክታ። ሰሌኑ ላይ ጋደም አለ።

ሊነጋጋ ሲል በእርምጃዋ ነቃሁ። በመስኮቱ ስንጥቅ ደብዛዛ ብርሃን ገብቷል። ወንድሜ የለበሰው ከላዩ ተገፎ ኩርምት ብሏል። እናቴ ተሻግራው አለፈችና ጋቢውን እስከ እንስራው አንገት ሳበች።

«በርዶህ ይሆን፣ የኔ ልጅ?»

ወንድሜ ከመሬት ሆኖ በቀስታ፣ «አልበረደኝም፣ እማዬ» አላት።

«ጎሽ» አለች፣ ዓይኗን ከእንስራው ሳትነቅል።