በበዓል የማይዘጋው ተራራ

ትናንት ጠዋት ልጄን ከነሻንጣዋ ከቤቴ በር ላይ ሸኘኋት። ጓደኞቿ በአንዲት መኪና መጥተው... በረዶ ላይ ልንሸራተት ነው ብለው ታሆ ወደሚባል ተራራማ ቦታ ይዘውብኝ ሄዱ። አሁን ብቻዬን ቁጭ ብዬ እየተናደድኩ ነው። በማን እንደተናደድኩ ግን ከመጀመሪያው ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም።

ልጄ ሶሊያና ዘንድሮ ነው ኮሌጅ የገባችው፣ በርክሌ። እኔ ኦክላንድ ነኝ። በአንድ አውቶቡስ የሚደረስ ቦታ ነው... ግን ዶርም ከገባች ወዲህ የማገኛት እንደ ሩቅ ዘመድ ነው። ትምህርት በጀመረች በወሩ ግድም አንድ እሁድ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች።

«ማሚ፣ ስኪ ፓስ ልገዛ ነው። ኤቭሪባዲ ኢዝ ጌቲንግ ዋን።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ለካ የብርዱን ወራት ሙሉ ተራራው ላይ የሚያስገባ ካርድ ነው። በረዶ ከማያውቀው ሰፈራችን ግማሽ ቀን ተነድቶ፣ ተከፍሎ፣ ከዚያ ይወደቃል። ቢሆንም ላይብረሪ እየሠራች ያጠራቀመችው የራሷ ገንዘብ ነውና ዝም አልኩ።

ሦስት ዓይነት አለው። አንዱ በሥራ ቀን ብቻ ነው፤ ተማሪ ደግሞ በሥራ ቀን ክፍል ውስጥ ነው ያለው፣ እሱን ተዉት። ውዱ ሁልጊዜ ያስገባል። እሷ መሃለኛውን መርጣለች። መነጽሬን አድርጌ ጠጋ ብል ከሥር በደቃቁ የተጻፈ ነገር አለ... በፈረንጅ ገና ሳምንት አይሠራም፣ በአዲስ ዓመት አይሠራም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ብላክአውት ዴይስ ነው። ሆሊዴይ ላይ አያስገባኝም። ኢትስ ፋይን ማሚ፣ አይ ዶንት ኒድ ኢት።»

ደሜ ፈላ።

ለምን እንደፈላ ልንገራችሁ። ሆስፒታል ነው የምሠራው፣ በሽተኛ አጣቢና አንሺ ነኝ። እኛ ጋ የበዓል ሳምንት ፈቃድ የሚያገኙት የቆዩት ናቸው። አዲስ ሰው እነዚያን ቀናት አይጠይቅም ተብያለሁ፣ ስሜን እንኳ በቅጡ ሳይዙት። ሶሊ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ስትቀመጥ እኔ የሰው እናት ሳገላብጥ ነው ያሳደግኳት። ዘንድሮ ነው ተራዬ ደርሶ የፈረንጅ ገናን ሳምንት ሙሉ ኦፍ የተሰጠኝ። የሰማሁ ዕለት ከሆስፒታሉ ፓርኪንግ ሳልወጣ ደውዬ ነገርኳት።

ታዲያ አሁን ደግሞ ተራራ ተነስቶ ልጄን በበዓል እንዳትመጪ ይበላት? የሰው ልጅ ሲገባ የእኔዋ ከበር ትመለስ?

«አምጪው ወዲህ» አልኳትና ላፕቶፑን ተቀበልኳት። «ሁሌ የሚያስገባውን ነው የምትገዢው። ልዩነቱን እኔ እከፍላለሁ።»

«ማሚ፣ ኖ... አር ዩ ሹር? ክሪስማስ ዊክም?»

«በተለይ ክሪስማስ ዊክ።»

አየችኝ። የሆነ ነገር ልትል ጀመረችና ተወችው። እኔ ሞኟ ደስታ አፏን የያዘው መስሎኝ ካርዴን አውጥቼ ከፈልኩ። ሥራ ቦታ ያላወራሁለት ሰው የለም። ልጄን በበዓል ማንም እንደማያግዳት የማያውቅ በሽተኛ እንኳ አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ትምህርት ተዘግቶ መጣች። ፍሪጁን ሞልቼ ነው የጠበቅኳት። ጾም ስለሆነ የምትወደውን ሱፍ ፍትፍት ሠራሁ። ፀጉሯን ልሠራት፣ ሳን ሆዜ እህቴ ጋ ሄደን ልናድር፣ ደግሞም እስክንጠግብ ተኝተን ልንነሳ... ስንት ነገር አስቤ ነበር።

ገና ፍትፍቱን እየበላች «ማሚ፣ ቱዝደይ እንሄዳለን» አለችኝ።

«የት?»

«ታሆ። እስከ ኒው ይር።»

«እኔ እኮ ኦፍ ነኝ፣ ሶሊ።»

ሹካዋን አስቀመጠች። «አይ ኖው። ለዚያ ነበር እኮ መጀመሪያ ያንን የመረጥኩት። ጓደኞቼን ፓሴ አይሠራም ስላቸው እንሂድ ብለው አይጨቀጭቁኝም ብዬ ነው። ዘን አንቺ በተለይ ክሪስማስ ዊክ አልሽ። እንድሄድ የፈለግሽ መሰለኝ።»

ሳህኗ ላይ ፍትፍት ጨመርኩላት።

«ልቅር? ሪሊ ማሚ፣ አይ ካን ስቴይ።»

ቅሪ ማለት ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ልጅቷ በሩን ከፍታልኛለች። ግን ያ የማይረባ እልሄ ቀደመኝ።

«ሂጂ እንጂ። ተከፍሎበታል እኮ» አልኳት።

ትናንት ጓደኞቿ መጡ። አንዱ ረጅም፣ ጺም በቅጡ ያላበቀለ፣ «ሃይ ማም» ይለኛል ደግሞ... የማን እናት እንደሆንኩ እሱ ሊነግረኝ። እየተናደድኩ አንድ ትልቅ ከረጢት ዳቦ ቆሎ ለመንገድ ሰጠኋቸው። ባዶ እጅ አይሸኝ ነገር።

ዛሬ ፎቶ ላከችልኝ። ያ ረጅሙ ተራራው ጫፍ ላይ ቆሞ ዳቦ ቆሎዬን በጓንቱ ዘግኖ ይቅማል። የእኔዋ አጠገቡ ትስቃለች፣ አፍንጫዋ ቀልቷል። ቆንጆ ፎቶ ነው፣ አልዋሽም... ሦስቴ አይቼ ስልኩን ደፋሁት።

ወዲያው ደግሞ አለቃዬ ቴክስት አደረገች። ሰው ታሞባታል። ኦፍ መሆንሽን አውቃለሁ፣ ግን ለገና ቀን ትገቢልኛለሽ ወይ ትላለች። ስንት ዓመት የተጣላሁበትን ቀን በሁለት ፊደል መለስኩላት... «እሺ» ብዬ።

ቆይ ግን እናንተው ፍረዱኝ... በበዓል ቀን የማይዘጋ ደግሞ ምን ዓይነት ተራራ ነው?